ቅጠሉ ሲናገር ማን ይሰማል?

እ.ኤ.አ. የ2020 ፀደይ ነው። ዓለም በኮሮና ምክንያት በሯን ዘግታ ተቀምጣለች። በሆላንድ፣ በሄግና በሮተርዳም መካከል በሚገኘው ዌስትላንድ ግን ሥራ አልቆመም። ቲማቲም ኮሮና አያውቅም። በየሳምንቱ ቅጠሉ ይራገፋል፣ ቀንበጡ ይቀነጠሳል፣ ፍሬው ይለቀማል። አካባቢውን ሆላንዶች ራሳቸው "የመስታወት ከተማ" ይሉታል። ዓይን እስኪደክም ድረስ ግሪንሃውስ ብቻ ነው።

እዚያ አንዲት ኢትዮጵያዊት ትሠራለች። ስሟ ለዚህ ጽሑፍ አያስፈልግም። የመቂ ልጅ ናት። ያደገችው ቲማቲም አምራች በሆኑት አጎቷ ማሳ ላይ ስለሆነ ከቲማቲም ጋር የተዋወቀችው ገና በልጅነቷ ነው። በሆላንድ የቀጠራት ሠራተኛ የሚያቀርብ ኤጀንሲ ነው፤ የሚከፈላት በሰዓት ነው። ከሰኞ እስከ ረቡዕ አንድ ግሪንሃውስ፣ ሐሙስና ዓርብ ደግሞ ሌላ ግሪንሃውስ ትሄዳለች። ሰዓት ከቀነሰ ወደ መቂ የሚላከው ገንዘብም ይቀንሳል። ሂሳቡ ይኸው ነው።

አንድ ሰኞ ጠዋት በጋሪ ላይ ቆማ በረድፉ መካከል ስታልፍ የአንዱ ተክል ጫፍ ዓይኗን ያዘው። አዲሶቹ ቅጠሎች ጠበብ ብለው ወደ ክር አድልተዋል። ቀለማቸው አንድ ዓይነት አይደለም፤ ጥቁር አረንጓዴና ፈዛዛ አረንጓዴ ተዘበራርቆባቸዋል። ፍሬው ገና ምንም አይታይበትም። ስልኳን አውጥታ ፎቶ አነሳችና ወደ ኪሷ መለሰችው። ከዚያም ቅጠል ማራገፏን ቀጠለች።

ምሳ ሰዓት ላይ ፎቶውን ለአንድ የአገሯ ሰው አሳየችው። እሱ በግሪንሃውስ ሥራ አሥር ዓመት አሳልፏል፤ ሁሉም "ጋሼ" ይሉታል። ፎቶውን አየና ስልኩን መለሰላት።

"ልጄ፣ አይተሽ እንዳላየሽ እለፊ" አላት። "ይሄን ነገር ካወራሽ የመጀመሪያዎቹ ተሰናባቾች እኛ ነን። የኤጀንሲ ሰው ሁለት ቦታ ስለሚሠራ 'አትምጡ' ነው የሚሉት። ለአንድ ቅጠል ብለሽ?"

ጋሼ ክፉ ሰው አይደለም። የተናገረው እውነት ነው። ጉዳዩን ከባድ የሚያደርገውም ይኸው እውነትነቱ ነው።

*

ነገሩ ምን እንደሆነ ለመረዳት ጥቂት ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል።

እ.ኤ.አ. በ2014 መኸር በደቡብ እስራኤል ኦሃድ በሚባል የገበሬዎች መንደር፣ በመረብ በተሸፈነ ቤት ያለ ቲማቲም ታመመ። ምልክቱ የታወቀ ነበር፦ የተዥጎረጎረ ቅጠል፣ ቢጫ ነጠብጣብ ያለበት ፍሬ። ቲማቲሙ ግን እንዲህ ያለውን በሽታ የሚቋቋም የተባለ ዝርያ ነው። "ቲ-ኤም ሁለት ስኩዌር" የሚባል ዘረመል አለው፤ ይህ ዘረመል የሞዛይክ ቫይረሶችን ለግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል በር ላይ አቁሞ የመለሰ ዘበኛ ነው። በዓለም ዙሪያ ዘር አምራቾች የተማመኑት በእሱ ነበር።

በ2015 ፀደይ ደግሞ ተመሳሳይ ምልክት በዮርዳኖስ ግሪንሃውሶች ታየ። የዮርዳኖስ ተመራማሪዎች ቫይረሱን ለይተው በ2016 ስም አወጡለት፦ ቶሜቶ ብራውን ሩጎስ ፍሩት ቫይረስ፤ ፍሬን ቡናማና ሸካራ የሚያደርግ የቲማቲም ቫይረስ ማለት ነው። እዚህ ላይ ባጭሩ ሩጎስ ይባላል። በ2017 የእስራኤሉ ቮልካኒ የግብርና ምርምር ማዕከል ባለሙያዎች የኦሃዱም በሽታ ይኸው መሆኑንና የታመነውን ዘበኛ አልፎ እንደሚገባ በሙከራ አሳዩ። በሁለት ድንበርተኛ አገሮች ያሉ ባለሙያዎች እየቅል የተነሱበትን ጥያቄ የመለሰላቸው አንድ ቫይረስ ሆነ።

ከዚህ ታሪክ ውስጥ ሊታለፍ የማይገባው ነገር አለ። ሩጎስን የሸሸገው ረቂቅነቱ ብቻ አልነበረም፤ እምነትም ሸሽጎታል። "ይህ ዝርያ ሞዛይክ አይዘውም" የሚል ሰው የተዥጎረጎረ ቅጠል ሲያይ በመጀመሪያ የሚጠረጥረው ማዳበሪያውን፣ ቀጥሎ ሙቀቱን፣ ቀጥሎም ውኃውን ነው። ሞዛይክን ግን አይጠረጥርም። ዘበኛ አለ ብሎ የተኛ ሰው ሌባ ሲገባ አይሰማም።

ቫይረሱ የሚዛመትበት መንገድ ደግሞ እጅግ ተራ ነው። ነፍሳት ሳይነክሱት፣ ነፋስ ሳያነሳው፣ በመነካካት ይተላለፋል። ቅጠል ሲቀነጠስ ጭማቂ ይወጣል። ጭማቂው በእጅ፣ በጓንት፣ በቢላ፣ በጋሪ፣ በልብስ ላይ ሆኖ ወደሚቀጥለው ተክል ይሄዳል። አበባውን ለማራከብ የሚለቀቁት ባምብልቢ የሚባሉ ጸጉራም ትልልቅ ንቦችም እንደሚያደርሱት የእስራኤል ተመራማሪዎች በ2019 አሳይተዋል። ግሪንሃውሱ እየመለሰ የሚጠቀምበት የመስኖ ውኃም ሊሸከመው ይችላል። በብረትና በፕላስቲክ ላይ ለወራት ሳይሞት ይቆያል። በዚያ የኮሮና ወቅት በየበሩ የተሰቀለው የአልኮል ጄል ኮሮናን ይገድል ይሆናል፤ የሩጎስ ዓይነት ቫይረስ ግን በአልኮል አይደነግጥም።

ለሰው ጤና ግን አያሰጋም። ቲማቲሙን የበላ ሰው ምንም አይሆንም። የሚጎዳው አምራቹና ሠራተኛው ነው።

አንድ የሚገርም ነገር አለ። ከዌስትላንድ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቃ ዴልፍት የምትባል ከተማ አለች። "ቫይረስ" የሚለው ሐሳብ ራሱ እግሩን የተከለው እዚያ ነው። ከሩሲያዊው ኢቫኖቭስኪ የ1892 ሙከራ ስድስት ዓመት በኋላ፣ በ1898፣ ማርቲኑስ ቤይሪንክ የትምባሆን ሞዛይክ በሽታ ሲመረምር በሽታውን የሚያመጣው ባክቴሪያ ሳይሆን ሕይወት ባለው ተክል ውስጥ ብቻ የሚራባ ሌላ ነገር ነው አለ። ሩጎስ የዚያ የትምባሆ ቫይረስ የቅርብ ዘመድ ነው። ከመቶ ሃያ ዓመት በኋላ፣ በ2019 ኦክቶበር፣ ዘመዱ ሆላንድ መግባቱ ተረጋገጠ። የመቂዋ ልጅ ያንን ቅጠል ያየችው ከዚያ ስድስት ወር በኋላ ነው።

*

ሰኞ አልተናገረችም። ማክሰኞም አልተናገረችም።

ማክሰኞ ማታ ግን እንቅልፍ አልወሰዳትም፤ አጎቷን አስታወሰች። እ.ኤ.አ. በ2012 ቱታ አብሶሉታ የሚባለው የቲማቲም ተባይ ኢትዮጵያ ሲገባ ልጅ ነበረች። አጎቷ ቅጠሉ ላይ ነጭ የቦይ መስመር አይተው "ፀሐይ መትቶት ነው" ብለው አለፉት። ጎረቤታቸውም አይቷል፤ ግን ገዥ እንዳይሸሽበት ዝም አለ። ሌላው ጎረቤትም እንዲሁ። ሁሉም ለየራሱ የደበቀው ነገር በአንድ የምርት ወቅት የሁሉም ሆነ። አጎቷ ዛሬም ያ ነገር ሲነሳ "በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም" ይላሉ። ራሳቸውን ይውቀሱ ጎረቤታቸውን ግን አይታወቅም።

ረቡዕ ጠዋት ወደ ካቦው ሄዳ ፎቶውን አሳየችው።

ካቦው መጀመሪያ የተናገረው የተጠበቀውን ነው፦ "ይሄ ዝርያ ሞዛይክ ይቋቋማል።" ሆኖም ጆሮ ነበረው። ወደ ረድፉ አብሯት ሄደ። ከጫፉ ቅጠል ትንሽ ቆርጦ በከረጢት ውስጥ ካለ ፈሳሽ ጋር አሸው፤ ቀጭን መመርመሪያ ነከረበት። ልክ እንደ እርግዝና መመርመሪያ ነው፤ አንድ መስመር ከሆነ የለም፣ ሁለት ከሆነ አለ። ሁለት መስመር ወጣ።

ይህ ግን የመጨረሻ ቃል አልነበረም። እንዲህ ያለው ፈጣን መመርመሪያ የቫይረሱን ቤተሰብ እንጂ ሁልጊዜ ራሱን ለይቶ አይናገርም፤ ዘመዶቹ እርስ በርስ ስለሚመሳሰሉ አንዱን ለሌላው ሊቆጥር ይችላል። በዚያ ላይ በሆላንድ ግሪንሃውሶች ፔፒኖ ሞዛይክ የሚባል ሌላ ቫይረስ የተለመደ ነው፤ የእሱም ምልክት ዓይንን ያሳስታል። ስለዚህ ናሙናው ወደ ላቦራቶሪ ሄደ። ያን ጊዜ ፒሲአር የሚለውን ቃል የማያውቅ ሰው አልነበረም። የሰው አፍንጫ ውስጥ ኮሮናን የሚፈልገው ዘዴ በቅጠል ውስጥ ሩጎስን ይፈልጋል፤ የቫይረሱን የዘር መልእክት ቁራጭ ይዞ፣ አባዝቶ፣ አለ ወይም የለም ይላል።

ውጤቱ መጣ። አለ።

ከዚያ በኋላ የተጠየቀችው ጥያቄ ከውጤቱ ይልቅ ከበዳት። "መጀመሪያ ያየሽው መቼ ነው? ከዚያ ወዲህ የትኞቹን ረድፎች ነካሽ?" ሰኞ ከሰዓት ስምንት ረድፍ አራግፋለች፤ ማክሰኞ አሥራ ሁለት። ያን ጊዜ ነው የገባት። ቅጠሉን ያዩት ዓይኖቿ ናቸው፤ በሽታውን ከረድፍ ረድፍ ያዳረሱት ግን የራሷ እጆች ሊሆኑ ይችላሉ። ፎቶውን ያነሳችበት ስልክ እንኳ በኪሷ ሆኖ ሁለቱንም ቀን አብሯት ዞሯል። የተበከለ ተክል ምልክት ለማሳየት ሁለት ሳምንት ወይም ከዚያ በላይ ስለሚወስድበት፣ ያራገፈቻቸው ረድፎች ጤነኛ መስለው ቆመው ነበር።

ቀጥሎ የሆነው ጋሼ እንዳለው ሆነ። የታመሙት ረድፎች በላስቲክ ተጠቅልለው ወጡ። ጋሪው፣ ቢላው፣ የእግር መንገዱ ታጠበ። በየክፍሉ የሚሠሩ ሰዎች ተለዩ፤ ልብስ ከግሪንሃውሱ እንዳይወጣ ተደረገ። የኤጀንሲ ሠራተኞች ደግሞ "እስክንጠራችሁ አትምጡ" ተባሉ። የሐሙስና የዓርቡ ግሪንሃውስም ይህን ሲሰማ በሩን ዘጋባት። ሦስት ሳምንት ያለ ሥራ ተቀመጠች። ለባለሥልጣን በተላከው ወረቀት ላይ ምልክቱ የተገኘው "በሠራተኛ ጥቆማ" እንደሆነ ተጽፏል። ስም የለውም።

ጋሼ አልወቀሳትም። ግን ለጥቂት ቀን ስልክም አልደወለላትም።

*

የዚህ ሁሉ ነገር ፍሬ ሐሳብ እንዲህ ነው። አዲስ የተክል በሽታን ቀድሞ ማወቅ የማሽን ጉዳይ ብቻ ተደርጎ ይወራል። ፒሲአር ይገዛ፣ ላቦራቶሪ ይከፈት፣ ዘር ይመርመር ይባላል። ሁሉም ያስፈልጋል። ግን የትኛውም ማሽን ናሙና ካልመጣለት ዓይነ ስውር ነው። ናሙናውን የምታመጣው ቅጠል የምታራግፈዋ ሴት ናት። እሷ ደግሞ እውነቱን በመናገሯ የምትከስር ከሆነ በሚቀጥለው ጊዜ አትናገርም።

"ዘሩ ከተመረመረ ምን ችግር አለ?" የሚል ይኖራል። የሩጎስ የዘር ምርመራ የሚሠራው በተለምዶ 3,000 ዘር ናሙና ወስዶ ነው። ከሺህ ዘር አንዱ የተበከለ ከሆነና ምርመራው እንከን የለሽ ነው ቢባል፣ በናሙናው ውስጥ ቢያንስ አንዱን የማግኘት ዕድል 95 በመቶ ነው። ጥሩ ነው። ከአሥር ሺህ አንዱ ከሆነ ግን ዕድሉ ወደ 26 በመቶ ያሽቆለቁላል። ከአራት ምርመራ ሦስቱ "ንጹሕ ነው" ብለው ያሳልፉታል ማለት ነው። በእርግጥ ቫይረሱ በአብዛኛው የሚቀመጠው በዘሩ ልባስ ላይ እንጂ በሽሉ ውስጥ ስላልሆነ፣ ከተበከለ ዘር የታመመ ችግኝ የሚወጣው አልፎ አልፎ ነው። ግን በሽታው በእጅ ለሚዛመት ሰብል አንድ ችግኝ ይበቃል። ምርመራ በሩን ያጠባል፤ አይዘጋውም። በጠበበው በር ሾልኮ የገባውን የሚያየው ዓይን ብቻ ነው።

ዓይኑ ሲዘገይ ምን እንደሚሆን ታይቷል። በ2018 ሩጎስ ሜክሲኮና ጀርመን ተገኘ፤ በ2019 ቻይና፣ እንግሊዝ፣ ሆላንድና ስፔን። የአውሮፓ ኅብረት ከ2019 ኖቬምበር ጀምሮ የአስቸኳይ ጊዜ መመሪያ አወጣ። ያም ሆኖ በሽታው መስፋፋቱን አላቆመም፤ ከ2025 መጀመሪያ ጀምሮ ኅብረቱ ሩጎስን ጨርሶ ከማጥፋት ይልቅ በዘርና በችግኝ ላይ መቆጣጠርን መርጧል። አውስትራሊያ በ2024 ኦገስት በደቡብ አውስትራሊያ አገኘችው፤ ተክል ነቀለች፣ ግሪንሃውስ ዘጋች፤ በ2025 ግን ማጥፋት እንደማይቻል አምና ወደ አብሮ መኖር ዞረች። "ሳይቃጠል በቅጠል" የሚባለው ለዚህ ነው። ቅጠሉ ካለፈ በኋላ የሚቀረው ከእሳቱ ጋር መኖር ነው።

እዚህ ላይ ጠንካራ ክርክር አለ፤ ማለፍ አይገባም። "አሁን ሩጎስን የሚቋቋሙ አዳዲስ ዝርያዎች ገበያ ላይ ወጥተዋል፤ ስለዚህ ስለ ቅጠል ባዩ መጨነቅ ያለፈበት ነው" ይላሉ። ዝርያዎቹ መውጣታቸው እውነት ነው፤ ለብዙ አምራች እፎይታ ሆነዋል። ግን ኦሃድ ላይ የታመመውስ የሚቋቋም ዝርያ አልነበረም? አዲስ ዘበኛ መቅጠር መልካም ነው። አዲስ ዘበኛ ቀጥሮ እንደገና መተኛት ግን ያንኑ ታሪክ መድገም ነው። የሚቀጥለው ቫይረስ ሲመጣም መጀመሪያ የሚታየው "አይዘውም" በተባለው ተክል ላይ፣ "አይሆንም" በሚል ካቦ ፊት ነው።

ጉዳዩ ለኢትዮጵያም ሩቅ አይደለም። ዲቃላ የቲማቲም ዘር በአብዛኛው ከውጭ ይገባል፤ ዘር የሚሸጡት ኩባንያዎችም ሩጎስ በታየባቸው አገሮች ጭምር ያሉ ናቸው። ቱታ በ2012፣ የበቆሎ ገዳይ ቫይረስ በ2014፣ አሜሪካ መጤ ተምች በ2017 ገብተዋል። ሦስቱም መጀመሪያ የታዩት በሚኒስቴር መሥሪያ ቤት መስኮት አይደለም፤ በአንድ ገበሬ ማሳ ላይ ነው። በባቱ፣ በቆቃና በሆለታ ግሪንሃውሶች የሚሠሩት ደግሞ አብዛኞቹ ወጣት ሴቶች ናቸው። ቅጠልን በቀን ለስምንት ሰዓት የሚያይ የግብርና ባለሙያ የለም፤ እነሱ ግን ያያሉ።

ስለዚህ ጥያቄው ቀላልና ከባድ ነው። ቅጠል አይታ የተናገረች ሠራተኛ የተቋረጠባት ቀን ደሞዝ ማን ይከፍላታል? ማሳው እንዲነቀል የተደረገበት ገበሬ ለቀጣዩ ዘር ማን ይደርስለታል? ለአንድ ናሙና የሚወጣው ገንዘብ ከጠፋ ማሳ ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው፤ ለተናገረች ሴት የሚከፈል የሦስት ሳምንት ደሞዝም እንዲሁ። ይህ ምጽዋት አይደለም። የማስጠንቀቂያ ደወል ዋጋ ነው። ደወል የሚገዛ ሰው ደወሉ ሲጮህ አይቀጣውም።

*

ልጅቷ ከሦስት ሳምንት በኋላ አበባ ግሪንሃውስ ውስጥ ሥራ አገኘች። ስልኳን ዛሬም ወደ ሥራ ቦታ ይዛ አትገባም። የታመሙት ረድፎች ቀድመው በመለየታቸው የቀረው የግሪንሃውሱ ክፍል ወቅቱን እንደጨረሰ ከጋሼ ሰምታለች። መጀመሪያ የደወለው እሱ ነው።

ሥራ በፈታችበት ወቅት አጎቷ ስልክ ደውለው ነበር። የሆነውን ሁሉ ነገረቻቸው።

"እና ስንት ጨመሩልሽ?" አሏት።

ሳቀች። "ቀነሱብኝ እንጂ፣ አጎቴ።"

ለጥቂት ጊዜ ዝም አሉ። ከጀርባቸው የውኃ ፓምፕ ድምፅ ይሰማል።

"ቢሆንም" አሉ በመጨረሻ፣ "አንቺ የምትናገሪለት ሰው አግኝተሻል። እኔ ነገ እንዲያ ያለ ቅጠል ባይ፣ ለማን ነው የምናገረው?"